በኅዳግ ላይ ያለች ሰረዝ፦ የቅርብ ፎቶግራፍና የብራና ንባብ በጎጃም



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት ሰረዝ ነው። ሰረዟ ከጅጋ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ደብር፣ በአንድ የብራና ወንጌል ኅዳግ ላይ ትገኛለች። ርዝመቷ ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም። እኔ ይህችን ሰረዝ ለብዙ ዓመታት ከቦታዋ ውጪ አንብቤአታለሁ፤ በዚህም የተነሣ የአንዲትን ሴት ርስት ለወንድ ሰጥቼ አስተምሬአለሁ። ስሕተቱ የቋንቋ ዕውቀት ጉድለት አልነበረም፤ ራሴ ባነሣሁት ፎቶግራፍ ላይ ሌንሱ ያረፈበት ቦታ ስሕተት ነበር። የደብሩን ስም አልጠራም። የብራና መጻሕፍት ስርቆት ባልቆመበት ዘመን የዕቃ ቤትን አድራሻ በአደባባይ መናገር ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

በመጀመሪያ ኅዳጉ ለታሪክ ተመራማሪ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ላስረዳ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት፣ ይልቁንም ወንጌል፣ ከጸሎትና ከንባብ አገልግሎት ሌላ የመዝገብ ቤት ሥራ ሠርተዋል። የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭ፣ የውርስ ክፍፍል፣ የክርክር ፍጻሜ በባዶ ቅጠሎችና በኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ በዕቃ ቤት ተቆልፎ ይጠበቃል፤ በወንጌል ላይ የተጻፈን ቃል መፋቅም ከድፍረት ይቆጠራል። ስለዚህ ውል ለማሰር ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ዶናልድ ክራሚ፣ ዳንኤል አያና እና ሹመት ሲሻኝ በ1991 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው 11ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ስለ ጎጃሙ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የመሬት ስጦታ ያቀረቡት ጥናት እንዲህ ያለው ጽሑፍ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ያሳያል። ሀብታሙ መንግሥቴም በ2004 ባሳተመው ጥናቱ የምሥራቅ ጎጃምን የመሬት ይዞታና የገበሬውን ኑሮ መርምሯል። የገበሬውንና የመሬቱን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያፈጠው በኅዳጉ ላይ ነው።

እነዚህ ብራናዎች ከካሜራ ጋር የተገናኙት እንዴት ነው? በእኛ አካባቢ ይህ ግንኙነት በስፋት የተጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 በጣና ደሴቶች የሚገኙ መጻሕፍትን በማይክሮ ፊልም አነሣ፤ የዝርዝሩም የመጀመሪያ ቅጽ በ1973 ታተመ። በዚያው ሰሞን የዩኔስኮ ተንቀሳቃሽ የማይክሮ ፊልም ክፍል በአዲስ አበባና በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ተዘዋውሮ መጻሕፍትን ቀረጸ፤ የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴርም በ1970 ዝርዝሩን አሳተመ። ከዚያ በ1973 የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮ ፊልም ድርጅት ሥራውን ጀመረ። ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት በፊልም ተቀርጸው አንደኛው ቅጂ በአገር ውስጥ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 ጀምሮ በዚያ ቤተ መጻሕፍት ሆነው የእነዚህን ፊልሞች ይዘት በመዘርዘር አብዛኛውን ዕድሜያቸውን አሳለፉ። እኔም ሆንሁ የእኔ ትውልድ መምህራን ብዙ መጻሕፍትን ያየነው በእነዚህ ፊልሞች በኩል ነው፤ ውለታው ከባድ ነው።

ይሁን እንጂ ማይክሮ ፊልም የተነደፈው መጽሐፉን ከነሙሉ ገጹ ለማዳን ነበር። ገጹ በሙሉ በአንዲት ትንሽ የፊልም ክፈፍ ውስጥ መግባት አለበት። ጥቁርና ነጭ በመሆኑም ቀዩ ቀለም ግራጫ ይሆናል፤ በዋናው ዓምድ ያለው ደማቅ ጽሑፍ በሚገባ ሲነበብ፣ ሌላ እጅ በቀጭን ብዕር በኅዳጉ ላይ የጣፈው ማስታወሻ አንዳንድ ጊዜ እንደ ጭረት ሆኖ ይቀራል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ከሩቅ ያየ ሰው ሁሉን ያያል፤ ደቃቁን ግን ያጣል። መፍትሔው መቅረብ ይመስላል። እኔም እንዲህ አስቤ ነበር ማክሮ የሚባለውን የቅርብ ፎቶግራፍ መሞከር የጀመርሁት። መቅረብ ግን የራሱ ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ታገሡኝ። ፎከስ የምንለውን በዚህ ንግግር «ትኩረት» እለዋለሁ፤ ከትኩረቱ ነጥብ በፊትና በኋላ ምስሉ ጥርት ብሎ የሚታይበትን ውፍረት ደግሞ «የጥራት ጥልቀት» እለዋለሁ። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ልክ የተሠራ ካሜራ እንያዝ፤ የሌንሱ መክፈቻ 8 በሚለው ቁጥር ላይ ይሁን። ገጹን በአንድ አሥረኛ መጠኑ ስናነሣ፣ በተለመደው ስሌት የጥራት ጥልቀቱ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ብራናው ቢጎብጥም ባይጎብጥም ሁሉም በዚያ ውስጥ ይገባል። ቀርበን በግማሽ መጠኑ ስናነሣው ጥልቀቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ፊደሉ በካሜራው ላይ በቁመናው ልክ እስኪያርፍ ድረስ ስንጠጋ ግን የሚቀረን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የአንዲት የጤፍ ቅንጣት ውፍረት ማለት ነው።

«መክፈቻውን ብናጠብበውስ?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ወደ 16 ብናወርደው ጥልቀቱ በእጥፍ ያድጋል፤ ግን ሁለት ችግር ይከተላል። በዚህ ቅርበት ሌንሱ ከቁጥሩ ይልቅ እጅግ የጠበበ ሆኖ ይሠራልና ወደ ካሜራው የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ጥልቀት ስናተርፍ ስለታም ጠርዝ እናጣለን። በአንድ እጅ የሰጠንን በሌላው ይነጥቀናል።

ብራና ደግሞ ጠፍጣፋ አይደለም። ብራና ቆዳ ነው፤ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል፣ ሲሞቅ ይነሣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የሚጎብጠውም በዘፈቀደ አይደለም። መካከሉ ላይ ዓምዱ ይተኛል፤ ወደ ስፌቱ ሲጠጋ ቁልቁል ይገባል፤ ወደ ዳር ሲወጣ ሽቅብ ይነሣል። ስለዚህ ትኩረታችንን በዋናው ጽሑፍ ላይ ካደረግን፣ ከጥራቱ ጥልቀት መጀመሪያ የሚወድቀው የታሪክ ተመራማሪው የሚፈልገው ኅዳግ ነው። የሌንሱን ቀለበት የሚያዞር ሰው፣ ሳያስበው፣ ከገጹ ላይ የትኛው ጽሑፍ ለተተኪው ትውልድ እንደሚነበብ ይወስናል።

አሁን ወደ ጅጋው ወንጌል ልመለስ። የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ያነሣሁት ከዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ በትንሽ ካሜራ፣ በእጄ ይዤ ነው። ማስታወሻው ስለ አንድ የርስት ሽያጭ በአማርኛ የተጻፈ ነው። የሻጩ ስም ለወንድም ለሴትም የሚወጣ የዓለም ስም ነው። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣልና «ሸጠ» ወይም «ሸጠች» የሚለው ቃል ጉዳዩን በፈታው ነበር፤ ነገር ግን የመስመሩ መጨረሻ በስፌቱ ውስጥ ገብቶ አይታይም። የቀረው ምስክር አንድ ቃል ነው፤ «ርስቱን» ወይም «ርስቷን»። በዚያ ዘመን «ርስትዋን» ብሎ ማስፋት የተለመደ ቢሆንም ይህ ጸሐፊ ቦታ ጠቦት ይመስላል፣ በአንድ ፊደል ጨርሶታል። «ቱ» ቅጥያዋን ከወገቧ በስተቀኝ ታወጣለች፤ «ቷ» ግን ከእግሯ ሥር ታነጥፋለች። ልዩነቱ ይኸው ነው። በእኔ ፎቶግራፍ ላይ ዓምዱ እንደ መስታወት የጠራ ነበር፤ ኅዳጉ ደብዝዟል፤ በፊደሉ ወገብ ላይ ግን አንድ ጥቁር ነገር ይታይ ነበር። «ርስቱን» ብዬ አነበብሁ፤ በክፍል ውስጥም ለብዙ ዓመታት እንደ ምሳሌ ጠቀስሁት።

ወደ ደብሩ የተመለስሁት በጥር ወር ነው። የሰበካ ጉባኤው ፈቀደ፤ ቅጠሉን የሚገልጠውና የሚይዘው አንድ ዲያቆን እንዲሆን፣ እኔም ብራናውን እንዳልነካ ተስማማን። በመጀመሪያው ቀን ካነሣኋቸው ከስልሳ በላይ ምስሎች አንዱም አልረባም። ምክንያቶቹን ለተማሪዎች ጥቅም ልዘርዝር። አንደኛ፣ በአውቶፎከስ ታመንሁ፤ ካሜራው ግን የሚይዘውን ጠርዝ አጥቶ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየ፤ ያዘ ስንልም የያዘው ፊደሉን ሳይሆን የብራናውን ጠጉር ነበር። ሁለተኛ፣ በዕቃ ቤቱ ሳንቃ ወለል ላይ አንድ ሰው እግሩን ባነሣ ቁጥር መቆሚያው ይርገበገብ ነበር፤ በዚህ ቅርበት የወለል ንቅናቄ እንደ መሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሦስተኛውን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መብራቱን ለብርሃን ብዬ ባስጠጋሁት ቁጥር ብራናው ይሞቅና ዳሩ ቀስ እያለ ይነሣል፤ ትኩረቱን አስተካክዬ መዝጊያውን እስክጫን ድረስ ፊደሉ ከጥራቱ ጥልቀት ወጥቶ ይሄዳል። የቆምሁት እኔ ነበርሁ እንጂ ብራናው አልቆመም።

በማግሥቱ ሥራውን ወደ ደጀ ሰላሙ ጥላ፣ በድንጋይ ንጣፍ ላይ አዛወርነው። መብራቱን ትቼ በጥላ ብርሃን ተጠቀምሁ፤ መጽሐፉም ከከፈትነው በኋላ ሳይነካ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲያርፍ አደረግን። በመስታወት ተጭኖ እንዲተኛ ማድረግ የሚቻል ቢመስልም፣ ቀለሙንና ሐረጉን ሊያረግፍ ስለሚችል አላደረግነውም፤ ከሽፋኑ ሥር የታጠፈ ጋቢ ደገፍን። የሌንሱን ቀለበት ማዞርም ተውሁ፤ በዚህ ቅርበት ቀለበቱ ሲዞር የምስሉ መጠን አብሮ ይለወጣል። በፈንታው ካሜራውን ራሱን በትንሽ ሐዲድ ላይ በግማሽ በግማሽ ሚሊ ሜትር እያስጠጋሁ 14 ምስሎችን አነሣሁ፤ የመጀመሪያው ከብራናው ገጽ በላይ፣ የመጨረሻው ከገጹ በታች እንዲያተኩር አድርጌ። መዝጊያውንም በጣቴ ሳይሆን በሰዓት ቆጣሪው አስነሣሁ።

እንዲህ ያሉትን ምስሎች በኮምፒውተር አደራርቦ የየአንዳንዱን ጥርት ያለ ክፍል በመምረጥ አንድ ምስል ማድረግ ይቻላል። ያምራል፤ ለኤግዚቢሽንም ይሆናል። ለማስረጃ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የተደራረበው ምስል የአንድ ቅጽበት ምስል አይደለም፤ በመካከሉ ብራናው ጥቂት ቢንቀሳቀስ ኮምፒውተሩ የሌለ ጠርዝ ሊሠራ ወይም ያለውን ሊውጥ ይችላል። ስለዚህ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ በአንድ ፊደል ላይ የምፈርደው በድርድሩ ውስጥ ያለ አንድ ነጠላ ምስል ብቻውን ካሳየኝ ነው።

ሰባተኛው ምስል አሳየኝ። ከፊደሉ እግር ሥር፣ ከቀሪው ፊደል ጋር በአንድ ቀለምና በአንድ ብዕር ስፋት የተሳለች ሰረዝ አለች። በወገቡ ላይ ለዓመታት «የቱ ቅጥያ» ያልሁት ጥቁር ነገር ደግሞ ሰረዝ አልነበረም፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ የፍየል ጠጉር መብቀያ ቀዳዳዎች ነበሩ። ያ የቅጠሉ ፊት የጠጉሩ ወገን ነው። ቃሉ «ርስቷን» ነው።

ይህን በትንሹ መስኮት ላይ እያጎላሁ ስመለከት አጠገቤ የነበሩት የኔታ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ የዘለለ የደብሩ መምህር፣ ዲያቆኑን «ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አዘንብልለት» አሉት። ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበት ቀዳዳዎቹ ጥላ ያዙ፤ ቀለሙ ግን አልተለወጠም። የአገራችን ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከከሰል የሚዘጋጅ በመሆኑ ከብራናው ገጽ ላይ ይተኛል እንጂ እንደ ቀዳዳ አይጎደጉድም። የኔታ ጎንበስ ብለው አዩና «ርስቷን» ብለው አነበቡ። «ድሮስ ምን ብለኸው ነበር፣ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያስ ለተማሪዎችህ ንገራቸዋ» አሉኝ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ጥያቄው ይህች ሰረዝ ምን ታረጋግጣለች የሚለው ነው። በመጠኑ ልናገር። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆቤን ከጅጋ ብዙም በማይርቀው የዳሞት አገር ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ ርስት በአባትም በእናትም በኩል እንደሚቆጠር በዝርዝር አሳይቷል። ክራሚም በጎንደር ዘመን ሰነዶች ላይ ሴቶች እንደ ባለንብረትና እንደ ተከራካሪ እንደሚገኙ ጽፏል። ስለዚህ ሴት ርስት ሸጠች ማለት አዲስ ግኝት አይደለም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ጽሑፍ አንብቤና አስተምሬ ሳለሁ፣ ፎቶግራፉ ሲደበዝዝብኝ የጎደለውን የሞላሁት በለመድሁት ነገር ነው፤ የለመድሁትም ባለርስት ወንድ ነው። ብዥታው ግማሹ የሌንሱ ነበር፤ ግማሹ የእኔ። ቃሉ በእርግጥ የማይነበብ ሆኖ ሳለ «አይነበብም» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር።

መቅረብ ብቻውንም ዋስትና እንዳልሆነ አስታውሱ። በ1665 ሮበርት ሁክ «ማይክሮግራፊያ» በተባለው መጽሐፉ የታተመች የነጥብ ምልክትን በማጉያ መነጽር ተመልክቶ፣ በዓይን ክብ የምትመስለው ነጥብ ዙሪያዋ የተቦጫጨቀ ቅርጸ ቢስ ሆና እንዳገኛት ይገልጻል። እጅግ የቀረበ ሰው ነጥቧን ያያል፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን አያይም። በማክሮ ሌንስ ብቻ የተነሣው የእኔ ሰባተኛ ምስል ማን ለማን፣ ስንት ሸጠ የሚለውን አይነግርም፤ ያን ለማወቅ ሙሉው ገጽ ያስፈልጋል። ግሡም አሁንም በስፌቱ ውስጥ ነው። ስፌቱን ፈትቶ ማየት የእኔ መብት አይደለም፤ ስለዚህ ንባቤ «ርስቷን» ላይ ይቆማል።

ከዚህ ሙከራ በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር የምንሠራባቸውን አራት ልማዶች ልጥቀስና ላብቃ። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ እናነሣለን፤ አንድ ጊዜ ከሩቅ ከነሙሉ ገጹ፣ ሌላ ጊዜ ኅዳጉን ብቻውን፣ በራሱ ትኩረት። ሁለተኛ፣ በምስሉ መግለጫ ላይ የመጽሐፉን ስም ብቻ ሳይሆን መጠኑን፣ ትኩረቱ ያረፈበትን ቦታና ብርሃኑ የመጣበትን አቅጣጫ እንጽፋለን፤ ነገ የሚያነብበው ሰው ብዥታው የብራናው ይሁን የካሜራው እንዲለይ። ሦስተኛ፣ ከደበዘዘ ምስል የተነበበን ፊደል በግልባጩ ላይ በምልክት እንለያለን፤ በግምት አንሞላም። አራተኛ፣ የምስሉን ቅጂ ለደብሩ እንተዋለን። ለጅጋው ደብር በትልቅ ወረቀት የታተመውን የኅዳጉን ምስል ሰጥተናል፤ የኔታ ዓይናቸው ደክሟልና ለእርሳቸው የሚበቃ ትልቅ እንዲሆን አድርገን።

ባለፉት ዓመታት ይህን ማስታወሻ ከእኔ ሰምታችሁ በማስታወሻ ደብተራችሁ «ርስቱን» ብላችሁ የጻፋችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ አርሙት።